አሞጽ የሠራው ውሃ

ሚዛን መናኸሪያ ጀርባ፣ ከእኔ ስቱዲዮ ጋር በአንድ ቺፑድ ግድግዳ የሚለያይ ሱቅ አለ። እዚያ ውስጥ አሞጽ የሚባል ሰው ተቀምጦ ውሃ ይሠራል። ቧንቧ አይጠግንም፣ ጉድጓድ አይቆፍርም። በኮምፒውተር ነው የሚሠራው። ተራራ ያቆማል፣ ተራራው ሥር ሐይቅ ያስተኛል፣ ከላይ ሰማይ ይዘረጋል፣ ከዚያ ወንበሩን ወደ ኋላ ገፋ አድርጎ የገዛ ሥራውን ሲያይ ይውላል። ይሄ እንግዲህ ሠላሳ ስድስት ዓመት የሞላው፣ ሚስት ያለው፣ የሁለት ልጆች አባት ነው። ወይ ጉድ! ዝናብ ዓመቱን ሙሉ በሚደበድበን አገር፣ ቁም ሣጥን ውስጥ ያለ ጫማ ሻጋታ በሚያበቅልበት አገር፣ ውሃ ያጠረን ይመስል ውሃ ይሠራል።

እኔ ባየ እባላለሁ፣ ፎቶ አንሺ ነኝ። አባቴ አስተማሪ ሆነው ከጎጃም ወደ ሚዛን ተፈሪ ሲመደቡ የሦስት ዓመት ልጅ ነበርኩ፤ ያደግኩት እዚሁ፣ ያረጀሁትም እዚሁ ነው። ሠላሳ አራት ዓመት ካሜራ ይዣለሁ። ፊልሙን በጨለማ ክፍል በገዛ እጄ ሳጥብ ኖሬ ነው እዚህ የደረስኩት። የማነሳው ያለውን ነገር ነው። ሰውየው ቀጭን ከሆነ ቀጭን ይወጣል፣ ጥርሱ ከጎደለ ጎድሎ ይወጣል። ቅር ያለው ሌላ ቤት ይሂድ። ሌላ ቤት ማለት ደግሞ አሞጽ ነው።

አሞጽ የቡና ገበሬ ልጅ ነው፣ ከከተማው ወጣ ካለ ቀበሌ። ቤተሰቡ ቡና ለቅመው ዩኒቨርሲቲ ላኩት፣ ኮምፒውተር ተምሮ ተመረቀ፣ መንግሥት ቤት ገባ። ሁለት ዓመት ሠርቶ ለቀቀ። ለምን ሲሉት «ጠረጴዛ ላይ ተጣብቄ ማርጀት አልፈልግም» አለ። አሁን ያለበትን ብታዩት! ከጠዋት እስከ ማታ ጠረጴዛ ላይ ተጣብቆ፣ አንገቱ ወደ ፊት ወጥቶ፣ ዓይኑ ቀልቶ፣ በአንድ እጁ የተቀቀለ ጎደሬ፣ በሌላው ማውስ። ኮምፒውተሩ ሲሞቀው ማራገቢያው እንደ ወፍጮ ይጮሃል። ድርቅ ሲልበት ደግሞ በቤንችኛ ይለማመጠዋል። በአማርኛ ለምኖት እምቢ ብሎት ይሆናል።

የሚኖረው ከባነር፣ ከሰርግ ካርድና ከመዝሙር ክሊፕ ነው። ከሁሉም በላይ ግን የሚኖረው ከሞተ ሰው ነው። እኛ ዘንድ ሰው ሲሞት ፎቶው በትልቁ ታትሞ ለቅሶ ድንኳኑ ላይ ይሰቀላል፣ ከኋላው ደግሞ የሚያምር አገር ይገባለታል። ለአሞጽ የሚያምር አገር ማለት ከኢንተርኔት ያወረደው አንድ ሐይቅ ነበር፤ በረዶ የተሸከመ ተራራ፣ ሰማያዊ ውሃ፣ ሁለት ነጫጭ ዳክዬ። የሚዛን ሟች በሙሉ እዚያ ዳክዬዎቹ አጠገብ ቆሟል። ቡና ነጋዴው እዚያ ነው፣ የአይሱዙ ሹፌሩ እዚያ ነው፣ ዕድሜዋን ቴፒ መንገድ ላይ ሙዝ ስትሸጥ የኖረችው አማረች በነጠላ ጫማዋ በረዶው ላይ ቆማለች። አንድ ቀን «አንተ ሰውዬ፣ እነዚህን ሰዎች በብርድ ልትጨርሳቸው ነው እንዴ?» ስለው፣ «ሞተዋል እኮ ጋሼ» አለኝ። ቀልድ መሆኑ እንኳ አልገባውም።

ተሾመች የመጣችው ባለፈው መስከረም ነው። የጌጫ ሰው ናት። ባሏ ከሞተ በኋላ ሚዛን ገብታ፣ ኮረሪማና ማር እየሸጠች፣ አንድ ልጇን ሆሳዕናን አስተምራ ነርስ አድርጋለች። መጀመሪያ የመጣችው ወደ አሞጽ አይደለም፣ ወደ እኔ ነው። ወንበር ብሰጣት አልቀመጥም ብላ፣ ከመቀነቷ የባሏን የማቴዎስን የቀበሌ መታወቂያ ፈትታ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠች። የማቴዎስ ጉርድ ፎቶ የአውራ ጣት ጥፍር ታክላለች፤ እሷም ላይ ማኅተሙ ግማሽ ፊቱን በልቶታል።

«ይሄን ያነሱት እርስዎ ነዎት» አለችኝ።

«ሊሆን ይችላል።»

«ነዎት። በዘጠና አምስት፣ ለመታወቂያ ጌጫ የመጡ ጊዜ። ቤታችን ከከተማው በላይ ካለችው ውሃ ዳር ነበር። እኛ ዘንድ ማር በሉ። ከዚያ ፊልሙ አንድ ቀርቷል ብለው ውሃው ዳር አቁመው አነሱን። እኔን፣ ማቴዎስን፣ ሆሳዕናን። የዓመት ልጅ ነበረች፤ ያቀፋት እሱ ነበር። አመጣላችኋለሁ ብለው ሄዱ።»

ማሩን አስታወስኩት። ነጭ ማር ነበር፣ እንደ ቅቤ የረጋ። ሌላው ሁሉ ከጭንቅላቴ ጠፍቷል። የመታወቂያውን ፎቶ ያተምኩት ቀበሌው ስለሚጠብቀኝ ነው፤ የነሱን ግን ማን ይዞልኝ ይሄዳል ብዬ ተውኩት።

«በዓመቱ ማቴዎስ ቀፎ ሊሰቅል ወጥቶ ከዛፍ ወደቀ» አለች። «ሆሳዕና ጥር ላይ ታገባለች። ከልጅነቷ ጀምሮ ‹አባዬ አቅፎኝ ያውቅ ነበር?› ትለኛለች። አዎ ስላት አታምነኝም። ልታጽናናኝ ነው ብላ ታስባለች። አንድ ጊዜ በዓይኗ ትየው። ሙሽሮቹ ከሚቀመጡበት በላይ ልሰቅለው ነው።»

«አንቺ ሴትዮ፣ የሃያ ሁለት ዓመት ፊልም ከየት ይመጣል? እኔ መዝገብ ቤት አይደለሁም» አልኳት። «ጉርዱን አጉልቼ ልስጥሽ።»

«እባክዎ ፈልገው ይዩልኝ።»

«እሺ፣ አያለሁ።»

አላየሁም። የድሮ ፊልሞቼ ሣጥን አልጋዬ ሥር ነበር፣ ማጎንበስ አልተመቸኝም፣ አለቀ። ሦስት ጊዜ ተመላለሰች፣ ሦስቴም «ነገ» አልኳት። በአራተኛው የአሞጽን በር አንኳኳች።

በቺፑዱ ግድግዳ ሁሉም ነገር ይሰማል። አሞጽ ታሪኩን ከጫፍ እስከ ጫፍ ሰማና «ፎቶው ከጠፋ እንሠራዋለን እትዬ» አላት። እንሠራዋለን! ምን ይሠራል? ገንፎ ነው? ሃያ ሁለት ዓመት ያለፈውን ጠዋት፣ እሱ እግሩ ያልረገጠውን ቦታ፣ አንዲት ማር ሻጭ በምትነግረው ሊሠራ ነው። ብቻዬን ሳቅኩ።

በሁለት ሳምንቱ የመጀመሪያውን አሳያት። ተሾመች ወደ ስክሪኑ ተጠጋችና «ይሄ ነጩ ምንድነው?» አለችው።

«በረዶ ነው እትዬ።»

«ጌጫ በረዶ የለም። ማቴዎስ ደግሞ ብርድ አይወድም ነበር።»

በረዶውን ጠረገ። ሁለተኛውን ስታይ «ውሃው ሰማያዊ አይደለም፣ ቅጠል እየረገፈበት ሻይ ይመስል ነበር» አለችው። ሦስተኛው ላይ ተራራው ሾለ። «የኛ ተራራ የተኛ ነው» አለች። አራተኛው ላይ ቀርከሃው የለም፤ አምስተኛው ላይ ቀርከሃው አለ፣ ቀፎው ግን ዛፉ ላይ ቀጥ ብሎ ቆሟል፤ ቀፎ እንዲያ አይሰቀልም፣ አግድም ነው የሚጋደመው። አሞጽ እሺ ይላል። እሺ እትዬ፣ እሺ፣ እሺ። ዩኒቨርሲቲ የጨረሰ ሰው እንዲህ መጫወቻ ሲሆን አይቼ አላውቅም!

ሥራው እንዴት እንደሆነ ልንገራችሁ፣ እናንተም ሳቁ። ቀርከሃውን አንድ በአንድ ያበቅላል። ቅጠሉን ያደርቃል፣ ያረግፋል፣ ውሃው ላይ ያንሳፍፋል። ፀሐይ ያወጣል። ከዚያ ሬንደር የሚሉት ነገር አለ፤ ኮምፒውተሩ ብርሃኑ የት ወድቆ ወዴት እንደሚመለስ ነጥብ በነጥብ ያሰላል። ለአንዲት ሥዕል አሥራ አራት ሰዓት ይፈጃል። በአሥራ ሦስተኛው ሰዓት መብራት ይሄዳል። ያኔ ከግድግዳው ወዲያ ማራገቢያው ጸጥ ይላል፣ እኔ በሬ ላይ ቆሜ ድምፄን ከፍ አድርጌ «አሞጽ! ሐይቅህ ፈሰሰ እንዴ?» እላለሁ። መናኸሪያው በሙሉ ይስቃል። «አሣ መቼ ነው የምትለቅበት?» ስለው ደግሞ ሹፌሮቹ ሆዳቸውን ይይዛሉ። እሱም አብሮ ይስቃል፤ የሚያናድደኝ ይሄ ነው። ከዚያ መብራት ሲመጣ እንደገና ሀ ብሎ ይጀምራል።

ኅዳር ላይ «ምን ያንገላታሃል? ሄደህ ውሃውን አንስተኸው አትመጣም?» አልኩት።

«ውሃው የለም ጋሼ» አለኝ። «ባሕር ዛፍ ልንተክል ነው ብለው ቦይ ቀደው አፍስሰውታል።»

ታዲያ ሄደ! የሌለ ውሃ ሊያይ ሱቁን ዘግቶ ጌጫ ሄደ። በሦስተኛው ቀን እስከ ጉልበቱ ጭቃ ሆኖ ተመለሰ። ያመጣው የጭቃ ፎቶ ነው። ውሃው የነበረበትን ጎድጓዳ ዙሪያውን በእግሩ ለክቷል፣ ስንት እርምጃ እንደሆነ በደብተር ጽፏል፣ ተራራውን ከአራት በኩል አንስቷል። የማቴዎስን ወንድም ሕዝቅያስን ደግሞ ዳሩ ላይ አቁሞ፣ ጆንያ ጠቅልሎ እንደ ሕፃን አሳቅፎ አንስቶታል። አንድ ጎልማሳ ሰው ረግረግ መሀል ጆንያ አቅፎ በፍቅር ሲያይ! እንባዬ እስኪወርድ ሳቅኩ። «ክንዱ እንዴት እንደሚታጠፍ ለማየት ነው፣ ቁመናቸው አንድ ነው ይባላል» አለኝ አሞጽ፣ ምንም ሳያፍር።

ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ጋሼ፣ ያንን ውሃ በሙያ ዓይን ያዩት እርስዎ ብቻ ነዎት። ብርሃኑ ምን ይመስል ነበር?» አለኝ።

አላስታውስም ማለት ነበረብኝ። አላስታውስም ማለት ግን ለእሱ መሸነፍ መሰለኝ።

«ውሃ ነዋ! እርጥብ ነበር» አልኩት።

«የፊልሙ ኔጋቲቭ ቢገኝ ኖሮ…»

«ሥራ አለብኝ» ብዬ ፊቴን አዞርኩ። ምንም ሥራ አልነበረብኝም።

በማግስቱ በግድግዳው በኩል ተሾመችን ሲጠይቃት ሰማሁ። ፀሐይ በየት በኩል ነበረች? «ከፎቶ አንሺው ጀርባ» አለችው። «ጉሙ እስኪገለጥ ብዙ አቆመን። ሲገለጥለት ቶሎ አነሳን።» አሞጽ «አሃ!» አለ፣ እንደ ትልቅ ሊቅ። ሌላም ነገር በቀስታ ነገረችው፤ ማራገቢያው እየጮኸ ስለነበር አልሰማሁትም።

ታኅሣሥ ሲገባ ሰው ወደ አሞጽ ሱቅ ይጎርፍ ጀመር። ባነር ሊያሠራ የመጣ፣ ጉዳዩን ትቶ ስክሪኑ ላይ ያፈጣል። አንድ ቀን ኸይሩ የሚባል የማሻ ነጋዴ ገብቶ «ይሄ ከጌጫ በላይ ያለችው ውሃ አይደለችም እንዴ? ልጅ ሆኜ እዚህ ዳር በቅሎ አጠጥቻለሁ!» ብሎ ጮኸ። ደሜ ፈላ። እኔ ዘንድ በዚያ ቀን አንድም ሰው አልገባም። በስልኩ ራሱን የሚያነሳ ትውልድ ስቱዲዮ ምን ያደርግለታል? እሺ፣ ይሁን። ግን የሌለ ነገር ሠርቶ ይሄ እሱ ነው መባል? ያለውን ነገር ይዤ እኔ ዝንብ ስቆጥር?

ያኔ ነው ለሣጥኑ ያጎነበስኩት። ለተሾመች አዝኜ እንዳይመስላችሁ። ኔጋቲቩን አግኝቼ፣ አትሜ፣ በሬ ላይ ልሰቅለው ነው። ከጎኑ የአሞጽን ሥዕል። ሰው ሁሉ ቆሞ እውነተኛውንና የውሸቱን ያስተያይ! አሞጽ የዚያን ቀን ፊቱ ምን እንደሚመስል ሳስበው ገና ወገቤን ሳላቀና ደስ አለኝ።

የፊልም ቆርቆሮዎቹ ሁሉ ስም አላቸው፤ እኔ ሥራዬን አውቃለሁ። ቱም፣ ቴፒ፣ ማሻ፣ ጌጫ 95። ጌጫን አነሳሁት፣ ቀለለኝ። ክዳኑን ስከፍት ውስጡ የወረቀት ቁራጭና በመቀስ የተቆረጡ የፊልም ጫፎች ብቻ ናቸው።

ክው አልኩ። ወዲያው ትዝ አለኝ።

በኮሮናው ዓመት፣ ሰኔ ላይ፣ ፀሐይ የተጋረደች ቀን ነው። በባዶ ዓይን አትዩ ተባለ፣ ከተማው መመልከቻ ፍለጋ ተራወጠ። ኤክስሬይ ያለው በኤክስሬይ አየ። ሌላው ወደ እኔ መጣ፣ ጥቁርና ነጭ ፊልም ካለኝ ብሎ። እኔም በሬ ላይ በርጩማ አውጥቼ፣ መቀስ ይዤ፣ እየቆራረጥኩ፣ ሁለት ሁለቱን እየደራረብኩ፣ ካርቶን ላይ እያጣበቅኩ አደልኩ። ያን ቀን ሚዛን በሙሉ አመሰገነኝ። እንደዚያ ቀን ተከብሬ አላውቅም። መጀመሪያ የቆረጥኩት የጌጫን ነው። የቱ ይቅደም ብዬ ሳስብ፣ ይሄን ፈልጎ የሚመጣ ሰው የለም አልኩ። ፊልሙ ላይ ማን እንዳለ ወደ ብርሃን አንስቼ እንኳ አላየሁም። አንዱ ሰው ማቴዎስንና ያቀፋትን ልጅ ዓይኑ ላይ ደቅኖ ፀሐይ አይቶባቸዋል፣ ከዚያ መንገድ ላይ ጥሏቸው ሄዷል።

ቆርቆሮውን ዘግቼ ወደ ቦታው መለስኩት። ለማንም አልተናገርኩም። በማግስቱ ዓይኔን በጨው አጥቤ በሬ ላይ ቆምኩና «አሞጽ፣ ሐይቅህ ሞላ ወይ?» አልኩ። ሹፌሮቹ እንደ ልማዳቸው ሳቁ።

ሰርጉ ቅዳሜ ነበር። ሐሙስ ከሰዓት አሞጽ ብቅ ብሎ «ጋሼ፣ ታትሞ መጥቷል። ይምጡና ይዩልን» አለኝ። ስህተት ልፈልግለት ሄድኩ፤ አልዋሽም። ሠላሳ አራት ዓመት ፎቶ ያየ ዓይን ስህተት አያጣም።

ሸራው ከግድግዳው ግማሹን ይዟል። ተሾመችና ሆሳዕና ፊቱ ቆመዋል። ሙሽራዋ ጸጉሯን ተሠርታ፣ በሻሽ ሸፍና፣ እጇን አፏ ላይ አድርጋለች። እኔ ከኋላቸው ሆኜ ከጥግ ጀመርኩ። ውሃው እንደ ሻይ ጠቁሯል፣ ዳር ዳሩ ላይ የቀርከሃ ቅጠል ተኝቶበታል። ጉሙ ከውሃው ተነስቶ ተራራው ወገብ ላይ ደርሷል። ተራራው ውሃው ውስጥ ተገልብጦ ይታያል፣ ነፋስ የነካው ቦታ ላይ ብቻ ተሰባብሯል። ቀፎዎቹ አግድም ናቸው። ማቴዎስ ማኅተሙ ከፊቱ ላይ ወርዶለት፣ ዓይኑን ከፀሐዩ ጠበብ አድርጎ ቆሟል። ክንዱ ላይ በነጠላ የተጠቀለለች ሕፃን አለች፤ ጆንያው ልጅ ሆኗል። አጠገቡ ተሾመች፣ ወጣት፣ ፈገግ ልትል ስትል።

ስህተት አጣሁ። ከዚያ ወደ ታች ስመጣ አገኘሁ!

ሣሩ ላይ፣ ከሥዕሉ ግርጌ ተነስቶ ማቴዎስ እግር ሥር ሊደርስ ትንሽ የቀረው ረጅም ጥላ ወድቋል። ቀጭን ሰው ነው። ባርኔጣ አድርጓል፣ ክርኖቹ ወደ ጎን ወጥተዋል፣ ሁለት እጁ ፊቱ ላይ ነው።

«አሞጽ!» አልኩ፣ ደስታዬን መደበቅ አቅቶኝ። «ይሄ ምንድነው? ለጀማሪ እንኳ መጀመሪያ የሚነገረው ጥላህን ፎቶ ውስጥ አታስገባ ነው! አራት ወር ለፍተህ…»

«እትዬ ናቸው ይግባ ያሉት» አለኝ። «ፀሐዩ ከጀርባው ነበር፣ ጥላው እግራችን ሥር ደርሶ ነበር፣ ማቴዎስ እንዳይረግጠው ፈቀቅ አለለት አሉኝ። እንደነበረ ይሁን አሉ።»

ባርኔጣውን እንደገና አየሁት። ጠርዙ ሰፊ ነው፣ በአንድ በኩል ጎበጥ ይላል። ዛሬም ስቱዲዮዬ በር ጀርባ ምስማር ላይ ተሰቅሏል።

ሆሳዕና ቀረብ ብላ ጣቷን አባቷ ክንድ ላይ፣ ሕፃኗ ራሷን ካሳረፈችበት ቦታ ላይ አደረገች። «አቅፎኛል» አለች። ከዚያ አለቀሰች፣ እናቷም አለቀሰች፣ አሞጽ እንኳ ወደ ኮምፒውተሩ ዞሮ አፍንጫውን ጠረገ። እኔ የት እንደምገባ ጠፋኝ።

ቆይታ ሆሳዕና ዓይኗን በሻሿ ጫፍ አበሰችና ወደ ሣሩ አመለከተች።

«እማ፣ ይሄ ጥላ ደግሞ የማነው?»

ተሾመች ወደ እኔ አልዞረችም። ሁለት እርምጃ አጠገቧ ነበርኩ።

«እሱ ፎቶውን አመጣለሁ ብሎ የቀረው ሰውዬ ነው» አለቻት። «ማራችንን በልቶ ነበር የሄደው።»

ከዚያ ሦስቱ ሆነው ሸራውን አነሱ። በሩ ጠባብ ነው፤ እንዲያልፉ ግድግዳው ላይ ተለጥፌ ቆምኩላቸው።